ደረቁ ጣውላ

«ፀጉር! ፀጉርህን አወናጭፍ እንጂ! አንገትህን ታመሃል እንዴ?» ይላል ዳይሬክተሩ ከካሜራው ጀርባ።

አወናጭፋለሁ። ጭሱ ዓይኔን ይለበልበኛል። አንገቴ ላይ የተጠመጠመው ሰንሰለት በተወዛወዝኩ ቁጥር ደረቴን ይደበድበኛል። ከአፌ ጥግ የሚወርደው ደም በስኳርና በቀይ ቀለም የተበጠበጠ ስለሆነ ዝንብ ጠርቶብኛል። ድራመራችንን ጭሱ ውጦታል፤ ጊታሪስታችንም ከጫማው በቀር አይታይም።

ዳይሬክተራችን እስከ ዛሬ የቀረጸው ሠርግ ብቻ ነው። ለእኛ ሲል ግን የሜታል ሙዚቃ ክሊፕ ሲያይ ሰንብቶ መጥቷል። «ይሄ ነገር ሕግ አለው» ብሎናል ጠዋት። «ጥቁር ትለብሳላችሁ። ጭስ አለ፣ ደም አለ፣ ጥርሱን የሚያሳይ የለም። ዘፋኙ ደግሞ ጋኔን እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል።»

እኔ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ የሚጠፋብኝ ሰው ነኝ። መንቀጥቀጥ ግን አያቅተኝም። የተቀዳው ዘፈን ከስፒከሩ ያንባርቃል፣ እኔ በላዩ አፌን እከፍታለሁ። የያዝኩት ማይክ የትም አልተሰካም፤ ገመዱን ለውበት ብዬ ክንዴ ላይ ጠምጥሜዋለሁ።

ያለነው በአባቴ ብየዳ ቤት ውስጥ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ሙዚቃ ልንጫወት ነው ስለው «ብረቴን እንዳትነኩ» ብሎ የደንበኛ በር ሊገጥም ወጥቷል። ዘፈኑ ስለ እሱ መሆኑን አልነገርኩትም። አባቴ አይሰማም። ዕድሜ ልኩን የጨበጠው መዶሻ ጆሮውን ቀስ በቀስ ወስዶበታል። እኛ ቤት የሚያወራ ሰው ከፊቱ ይቆማል፣ እሱ ከንፈር ያያል። የራሱን ድምፅ መለካት ስለማይችል፣ ሰው እንዳይረብሽ ፈርቶ ሁልጊዜ በሹክሹክታ ነው የሚናገረው።

«አሁን! አፍህን ክፈት! ሙት!»

አፌን እከፍታለሁ። ጉልበቴ ይታጠፋል። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ እንቀጠቀጣለሁ።

የሆነ ነገር ትከሻዬን ይመታኛል።

መሬት ላይ ነኝ። ጣሪያው የተናደ መሰለኝ። ዘፈኑ መሀሉ ላይ ይቆረጣል፣ መብራቱ ድርግም ይላል። በተከፈተው በር የቀን ብርሃን ገብቶ ጭሱን ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ውስጥ አባቴ ቆሟል። በአንድ እጁ ጣውላ፣ በሌላው ከግድግዳው የነቀለውን ስፒና ይዟል።

ጣውላውን አውቀዋለሁ። ከበሩ ጎን ተደግፎ የሚኖረው ደረቁ ጣውላ ነው። ልጅ ሳለሁ አስተምሮኛል፤ «ሰው ኮረንቲ ሲይዘው በእጅህ አትንካው፣ አብረህ ትቀራለህ። በዚህ መትተህ አላቅቀው።»

ከዚያ አባቴ ይጮሃል።

«ልጄ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ከስፒከሩ ይበልጣል። ከእኔም ይበልጣል። ላሜራዎቹ ግድግዳው ላይ ይርገበገባሉ። የድራመሩ ዱላ ከእጁ ወድቆ ሲንከባለል ይሰማኛል፤ ሌላ የሚንቀሳቀስ የለም።

አባቴ ጣውላውን ጥሎ ይንበረከካል። መዳፌን ገልብጦ ቃጠሎ ይፈልጋል። ገመዱን ከክንዴ ላይ ይገነጥለዋል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ደረቴ ላይ ይለጥፋል። ያንን የማይሰማ ጆሮውን።

«አባዬ» እላለሁ። ፊቱ ደረቴ ላይ ነው፣ አያየኝም። ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ቀና አደርገዋለሁ። «አባዬ፣ ደህና ነኝ። ቀለም ነው።»

አገጬን በጣቱ ነክቶ ያሸታል። ይቀምሳል። ሰንሰለቱን ያያል፣ ካሜራውን ያያል፣ ከጭሱ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ የሚሉትን ጓደኞቼን ያያል። ፊቱ አመድ መስሏል። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ያንን መንቀጥቀጥ ማንም አላዘዘውም።

«ምን ስትሆን ነበር?» ይላል። ወደ ሹክሹክታው ተመልሷል።

«እየዘፈንኩ ነበር።»

«ይሄ ዘፈን ነው?»

«አዎ።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «አባባ፣ አይቆጡን፤ ስፒናዋን ቢሰጡንና…» አባቴ ጀርባውን ነው የሰጠው፣ አያየውም። ስፒናውን የያዘበት ጭብጥ ግን ይበልጥ ይጠብቃል። «ካሜራው እንኳ በባትሪ ነው» ይላል ዳይሬክተሩ ለራሱ፤ መቅረጹን የሚያሳየው ቀይ መብራት እንደበራ ነው።

«እና ምን እያልክ ነበር?» ይለኛል አባቴ።

ትከሻዬ ይጠዘጥዘኛል። ሰንሰለቴን ለብሼ፣ ጓደኞቼ እያዩኝ፣ አባቴ ፊት ተቀምጫለሁ። ስጮህ ከንፈሬ ምንም ቃል አይሠራም። ስለዚህ አልጮህም። ቃሉን አንድ በአንድ፣ ያለ ድምፅ ማለት ይቻላል፣ ለዓይኑ እለዋለሁ።

«ስትቀጠቅጠው ብረት ጆሮህን በላብህ፣
እኔን አሳድገህ ማን አንተን ሰማህ?»

የአባቴ ዓይን ከንፈሬ ላይ እንደተተከለ ይቆያል።

«ይቺን ለመናገር ነው» ይላል በመጨረሻ፣ «ይሄ ሁሉ መንፈራገጥ?»

ከኋላ ድራመሩ ሳቁ አምልጦት በእጁ ያፍነዋል። ዳይሬክተሩ ግን «አይሳቅም» አይልም። ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ፣ በሌላ እጁ ካሜራውን ቀስ አድርጎ ወደ እኛ ያዞራል።

አባቴ ወደ ፊቴ ይጠጋል።

«ሁለተኛዋን ስንኝ ቀለሙ ጋረደብኝ። አፍህን ጥረግና ድገማት።»

አፌን እጠርጋለሁ። ስፒናው አሁንም ጭብጡ ውስጥ ነው።