ከወንዙ ወዲያ

የመሬት ባለሙያው ያረጀውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ታደገ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። መንደራቸው ካርታው ላይ ካለ ነባር ተብለው ይቀራሉ፤ ከሌለ ሜዳው ለባለሀብት ይሰጣል።

«ወንዙ ይኸውና» አለ ባለሙያው። «ከወንዙ ወዲያ ግን አንድም ቤት የለም፣ አባቴ። ካርታው የተሠራው ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶ ነው፤ ቤት ቢኖር ይታይ ነበር።»

ታደገ ያን አውሮፕላን አልረሳውም። ያኔ ልጅ ነበር። የጣሊያን ቦምብ ወንድሞቿን የፈጀባት እናቱ ድምፁን ገና ከሩቅ ስትሰማ መንደርተኛውን አስነሥታ ጣሪያውን ሁሉ ቅጠል አልብሳው ነበር።

«ከአውሮፕላኑ ተደብቀን ነው እንጂ፣ ልጄ፣ እዚያው ነበርን» አለ።

ባለሙያው ፊቱን ትክ ብሎ አየውና አመነው። «እንግዲያው የዛሬ ቤቶቻችሁ እንኳ ከታዩ ይበቃኛል። ድሮን ልኬያለሁ፤ ከጧት ጀምሮ በሜዳው ላይ እየዞረ ነው» ብሎ ኮምፒውተሩን አዞረለት።

ታደገ ተመስገን እያለ ጎንበስ አለ። ወንዙ ታየ። ከወንዙ ወዲያ ያለው ሁሉ ቅጠል በቅጠል ነው። መሀሉ ላይ ጎባጣዋ እናቱ ቆማ፣ ሳትሸፈን ወደ ቀረች አንዲት ቆርቆሮ በምርኩዟ ትጠቁማለች።