ጥልፍ የለበሰው ኮምፒውተር

«ቫይረስ ነው» አለ ድሬዳዋ ያደገው ቴክኒሺያን፣ ኮምፒውተሩን ገና በቅጡ ሳያየው። «ያለው ሁሉ ጠፍቶ ፎርማት ካልተደረገ አይሠራም።»

የቤት ሠራተኛዋ የሺሃረግ መወልወያዋን እንደያዘች በንቀት አየችው። ጅግጅጋ ያደጉት አሠሪዋ እትዬ ዴቆ ማሽኑን ከሐርጌሳ አቧራ ለመከላከል በወፍራም ጥልፍ ጨርቅ ጀቡነውታል፤ ይሄ ጅል ደግሞ ጨርቁን ከፊት ብቻ ገለጥ አድርጎ ሊቅ ነኝ ይላል። መተንፈሻ ያጣ ማሽን በየአሥር ደቂቃው ቢጠፋ ምን ይገርማል? እሷ ኮምቦልቻ በዚሁ ሙያ ተመርቃለች፤ እዚህ ቤት ግን የተቀጠረችው ለወለሉ ነው። ጨርቁ እንደሚያፍነው ትናንት ስትነግራቸው «አንቺ ወጥሽን ጠብቂ» ተብላለች።

«የሟች ባለቤቴ ፎቶ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው» አሉ እትዬ ዴቆ። «ሌላ የለኝም።»

«አላህ ይተካልዎት» አለና ቴክኒሺያኑ ፎርማት ሊያደርገው ጣቱን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

የሺሃረግ እጁን ገፍታ ጨርቁን ገፈፈችው። ሳጥኑ ይፋጃል። የክፍሉን ቬንትሌተር አዞረችበትና ትንሽ ሲበርድ ከሰውየው ቦርሳ ፍላሽ አውጥታ ፎቶዎቹን መገልበጥ ጀመረች። ኮምፒውተሩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንዴም ሳይጠፋ ሁሉንም ገልብጦ ጨረሰ።

«እኔም ይሄንኑ ልል ነበር» አለ ቴክኒሺያኑ።

«ማሻአላህ፣ መማር እንዲህ ነው!» አሉት እትዬ ዴቆ እንባቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ወደ የሺሃረግ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ምን ይገትርሻል? አቧራ ሳይገባበት ቶሎ አልብሺው!»

የሺሃረግ ጨርቁን አነሳች። ሬሳ እንደሚገንዝ ሰው ጥንቅቅ አድርጋ ጀቦነችው።