ቢጫ እስኪሆን

ሳሎኗ ውስጥ በመስታወት ገንዳ የምታሳድጋቸው ኮራል የተባሉ የባሕር እንስሳት አጥንታቸውን የሚሠሩት ከውኃው ካልሲየም ነው። የውኃው አልካሊኒቲ፣ ማለትም አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ ከወረደ ግን ካልሲየሙን መጠቀም ያቅታቸውና ነጥተው ይሞታሉ። ለሥልጠና ድሬዳዋ ልትሄድ ስትል ባሏን አስቻለውን አጠገቧ አቁማ ልኬቱን አለማመደችው። ከገንዳው በብልቃጥ የተቀዳው ውኃ የመለኪያው ፈሳሽ ጠብ ሲልበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ወደ ቢጫ እስኪዞር ድረስ ጠብታውን መቁጠር ነው።

«ይቺን ብሎ ነገር! አታስቢ» አላት።

በየቀኑ በምሳ ሰዓት ትደውላለች። «ለካሁት፤ ልክ ነው፤ አልወረደም» ይላታል፣ ድምፁ ሳይዛነፍ። አምና ፋሲካ ሰሞን ያቺን የመሥሪያ ቤቱን ሴት እንደተዋት የነገራትም በዚሁ ድምፅ ነበር። «ያባቴ አጥንት ይውጋኝ፣ ትቻታለሁ!» ሲላት፣ ልትሄድ የጠቀለለችውን ልብስ መልሳ ቁምሣጥን ውስጥ ሰቅላለች።

ዛሬም ደውላ እያወራችው፣ ቻርጀር ፍለጋ ቦርሳዋን ስትበረብር እጇ ትንሽ ጠርሙስ ነካ። አወጣችው። የመለኪያው ፈሳሽ ነው። የሄደች ዕለት መኪናው መጣ ተብላ ስትጣደፍ ከትታው ኖሯል። ቤት ውስጥ ሌላ የለም።

«ዛሬስ ለካኸው?» አለችው፣ ጠርሙሱን ጨብጣ።

«አሁን ለክቼ መቀመጤ ነው።»

«ቀለሙስ?»

«አደይ አበባ መስሎልሻል!»

«እውነትህን ነው፣ አስቻለው?»

«ምን ነካሽ? ያባቴ አጥንት ይውጋኝ!»