በረዶው በየት በኩል ይውረድ

ኦኖዴራ ብረቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ይደረድራል። ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ የዛገውን ጣሪያዬን አንሥቶ በአዲስ ሊተካልኝ ተስማምተናል። አዲሱ ቆርቆሮ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብለው የቆሙ መገጣጠሚያዎች አሉት፤ ምስማር አይታይበትም። የቀረን በረዶው ከጣሪያው ተንሸራቶ እንዳይወርድ የሚይዘውን ማገጃ መምረጥ ብቻ ነው።

«ይኼ መገጣጠሚያውን ነክሶ ይይዛል፤ ቆርቆሮውን አይበሳም» ይለኛል። «ይኼኛው ደግሞ መሀሉ ላይ ቧንቧ ያሳልፋል። ይቺ በማጣበቂያ የምትለጠፈዋ ግን የእኛን አገር የአኪታን ብርድ አትችልም። እሷን አያስቧት፣ አባባ።»

«ባለቧንቧውን አድርግልኝ፣ ሁለት ረድፍ» እላለሁ። «በረዶው እዚያው ይቀመጥ። እኔ ወጥቼ እጠርገዋለሁ።»

ሚስቴ ኪዮ ፖም እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋ ቀጥ ይላል። ኦኖዴራ የገዛ ዕቃውን ዛሬ ገና ያየ ይመስል ብረቱን ያገላብጣል።

«ወይም ደግሞ» ይላል ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ማገጃው ጭራሽ ቢቀርስ? ቆርቆሮው ለስላሳ ነው፤ በረዶው ራሱ ተንሸራቶ ይወርዳል። ሰው ራስ ላይ እንዳይወድቅ ከበሩ በላይ ብቻ አንድ ረድፍ እናድርግ።»

ግራ ይገባኛል። ማገጃ ሊሸጥ የመጣ ሰው ማገጃ ይቅርብዎ ሲል ሰምቼ አላውቅም። «ተንሸራቶ ወዴት ነው የሚወርደው? ሂያማ ግቢ? ሰውየው ይገድለኛል እኮ።»

ሂያማ ጎረቤቴ ነው። ጣሪያዬ ወደ እሱ ግቢ ያዘነብላል፤ በዚህ የተነሣ ልጆቻችን ትንንሽ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ዓይንና ናጫ ሆነን ኖረናል። አንድ ዓመት ትንሽ በረዶ ሾልኮ ቢወድቅበት በአካፋ ዝቆ አምጥቶ ደጃፌ ላይ ቆለለልኝ። ስለዚህ በየዓመቱ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ወደ መንገዱ በኩል እገፋዋለሁ። በዚህ ሰፈር በእኔ ዕድሜ ጣሪያ ላይ የሚወጣ የለም። ይህን ነገር ትደጋግማለህ ትለኛለች ኪዮ፤ ታዲያ እውነት አይደለም እንዴ?

የውጭው በር ተንሸራቶ ይከፈታል። «ቤቶች!» ይላል አንድ ድምፅ። ራሱ ሂያማ ነው። ጫማውን አውልቆ፣ አንድ ጠርሙስ ሳኬ፣ የሩዝ መጠጥ፣ ይዞ ይገባል። ቤቴን ከረገጠ ስንት ዘመኑ ነው። ጠርሙሱን ከብረቶቹ አጠገብ ያኖርና ሰሌኑ ላይ ይንበረከካል።

«ቶጋሺ፣ በረዶው ወደ እኔ ይውረድ» ይለኛል።

«ምን አልክ?»

«ሰማኸኝ። ማገጃ አታድርግ። ልጄ የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ገዝቶልኝ ሥራ ፈቶ ቆሟል።»

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፣ እላለሁ በልቤ። ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ድንበር ሊገፋ ነው? «አንተ፣ በአንዲት አካፋ በረዶ ስትሰድበኝ የኖርክ ሰው ዛሬ ምን ነካህ? አሞሃል?»

«አርጅቻለሁ። ከዚህ የባሰ ምን በሽታ አለ» ይላል። ከዚያ ኪዮን ያያል። ኪዮ ኦኖዴራን ታያለች። ኦኖዴራ ብረቱን ያያል። እኔን የሚያይ ጠፍቷል።

«ተማክራችኋል?» እላለሁ።

«ማን ከማን ጋር ይማከራል?» ትላለች ኪዮ፣ ቶሎ ብላ። ይህን ሁሉ ዘመን አብራኝ ኖራ ውሸት አልለመደችም።

አሁን እናደዳለሁ። በገዛ ቤቴ እንደ ሕፃን የሚደብቁኝ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አይገባኝም። «ጣሪያ ላይ መውጣት አይችልም ብሎ የነገራችሁ ማነው? ባለፈው ዓመትስ ማን ጠረገው? ወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ ወረድኩ።»

«ወረድክ» ይላል ሂያማ ቀስ ብሎ። «እኔ መሰላሉ ሥር ቆሜ ሳወራልህ፣ ወረድክ።»

ያ ቀን ትዝ ይለኛል፤ ወይም ትዝ ያለኝ ይመስለኛል። ጣሪያው አናት ላይ ቆሜያለሁ። በየት በኩል እንደወጣሁ ጠፍቶኛል፤ ዙሪያው ሁሉ ነጭ ነው። አካፋውን ይዤ ዝም ብዬ ቆሜያለሁ። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። ከዚያ ሂያማ ከታች ሆኖ ወሬ ጀመረ፤ ስለ ሩዙ ዋጋ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለማይረባው አማቹ። ድምፁን እየተከተልኩ ሄጄ መሰላሉን አገኘሁት። የዚያን ዕለት የገረመኝ ሰውየው ወሬኛ መሆኑ ነበር።

አፍራለሁ። ከማፈሬ ይልቅ ግን እፈራለሁ።

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?» ይላል ሂያማ።

ኪዮ ፖሙን ትቆራርጥና ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋለች። ሳህኑን ግን አትለቀውም። የፈራሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አያለሁ።

«እንዴት ላድርገው፣ አባባ?» ይላል ኦኖዴራ።

«ከበሩ በላይ አንድ ረድፍ» እላለሁ። «ሌላውን ተወው።»

በረዶው የት ድረስ እንደሚደርስ ልገምት ብዬ ተነሥቼ በመስኮቱ ወደ ሂያማ ግቢ እመለከታለሁ። ሟች ሚስቱ በእኛ በኩል የተከለቻቸው የአበባ ቁጥቋጦዎች የሉም። ተነቅለው በረዶዬ ከማይደርስበት ከወዲያኛው አጥር ሥር ተተክለዋል፤ ለብርዱ እያንዳንዳቸው በጭድ ገመድ ታስረዋል። መቼ እንደተነሡ አላውቅም። በነበሩበት ቦታ ሣር በቅሏል።