ድንጋይ የሌለበት መሬት

«ጫማዬን አውልቂልኝ» ይላል አባቷ በትሩን እያቀበላት።

«እሾህ ይወጋሃል፣ አባዬ!»

«ይውጋኝ። ዓይኔ ከከዳኝ ወዲህ የማምነው እግሬን ነው።»

ታወልቅለታለች። ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ጭው ያለ ሜዳ ሲንከራተቱ ቆይተዋል። ግንብ የለ፣ የወደቀ ምሰሶ እንኳ የለ፤ እስከ ተራራው ግርጌ ድንጋይና ቁጥቋጦ ብቻ። በጦርነቱ ጊዜ እዚህ በምስጢር የተሠራ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነበረ፣ እኔም አገልግዬበታለሁ ሲል አባቷ አርባ ዓመት ኖሯል። መዝገብ ቤቱ «እንዲህ ያለ ቦታ አናውቅም» አለው። የሰፈሩ ሰው «ፓይለቱ» የሚል ስም አወጣለት። እሷም በልጅነቷ አብራ ስቃለች፤ ዛሬ ያመጣችው ያን ሳቅ ለመካስ ነው። ካላገኘው ምን ብላ ይዛው እንደምትመለስ አታውቅም።

«ፓይለት እንዳልነበርክስ አውቃለሁ። ግን ሥራህ ምን ነበር? ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ድንጋይ ለቀማ።»

«አባዬ!»

«ይኸው! ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። አንዲት ጠጠር ከጎማ ሥር ተፈናጥራ አውሮፕላን ታበላሻለች። በየማለዳው አዛዡም ወጥ ቤቱም ትከሻ ለትከሻ ገጥመን፣ አጎንብሰን፣ ከዳር እስከ ዳር እንለቅም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ! ነፍሷን ይማርና እናትሽን ያየኋት እዚያ ሰልፍ ውስጥ ነው። እሷን ሳይ ጠጠር አልፎኝ አዛዡ በጩኸት ጆሮዬን አደነቆረው።»

ክንዱን ትይዘዋለች፤ ይራመዳል። በየእርምጃው ፊቱ ይኮማተራል። ተረከዙ ደምቷል። «ይብቃን፣ እንመለስ» ልትለው አፏን ስትከፍት፣ ፊቱ ይፈታል።

አንድ እርምጃ። ሌላም። አይንገዳገድም።

ቁልቁል ታያለች። ከእግሩ ሥር አፈርና ለስላሳ ሣር ነው። ግራና ቀኙ ድንጋይ እንደፈሰሰ፣ መካከሉ ግን እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ተራራው ይሄዳል።

«አገኘኸው» ትለዋለች።

«እኔ መቼ ጠፋኝ!»

ጫማዋን አውልቃ ከጎኑ ትሰለፋለች። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ጥቂት እንደሄዱ የሆነ ነገር ይቆረቁራታል። ጎንበስ ብላ ታነሳና መዳፉ ላይ ታኖረዋለች። በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል።

«ይህቺ ጎርፍ ያመጣት ናት። ወደ ዳር ወርውሪያት።»

ትወረውራታለች። አባቷ አውሮፕላን እንደሚጠብቅ ሰው አንገቱን አቅንቶ ያዳምጣል። እሷም ሳታስበው ቀና ብላ ሰማዩን ታያለች።