አጠገብሽ ማን አለ?

«ምን ወረድሽ ወይ ትይኛለሽ፤ እኔ እኮ ገና ዱባይ ነኝ! አልበረርኩም!» አለች ኤዶም በስልክ። እህቷ ተስፋነሽ ስልኩን በሁለት እጇ ጨበጠችው። ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው የሚጠብቋት። አባታቸው ዱራሜ ላይ ከተቀበረ አሥራ ስድስት ቀኑ ነው፤ ኤዶም ግን አልሰማችም። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ያውም በሰው አገር፣ በሰው ኩሽና፣ ለብቻዋ! ዛሬ ከአውሮፕላን ወርዳ ሰበታ እህቷ ቤት ስትገባ፣ እፎይ ብላ ከተቀመጠች በኋላ ሽማግሌ ሊነግራት፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘው ሊያስለቅሷት ነበር ሐሳቡ። ባለሱቋ እትዬ ማሪቱ፣ በዚህ በዚህ የሚያህላቸው የለም፣ «ገና ከበር እንዳታውቅብን» ብለው ጥቁር ያደረገችውን ሁሉ ሻሽ አስለውጠዋል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ ሰው መሰብሰብ ስለሚያስጠይቅ፣ አከራይዋ ኦቦ ገርባ ቀበሌ ድረስ ሄደው አስፈቅደዋል።

ተስፋነሽ አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ስትዋሽ ከርማለች። አባባ ተኝቷል። አባባ ጸሎት ቤት ሄዷል። የአባባ ስልክ ተበላሸ። ኢንተርኔት መዘጋቱ እንኳ፣ ሰዉን ሁሉ ሲያንገበግብ ለእሷ ውሸት በጅቷት ነበር። መጨረሻ ላይማ «ሊቀበልሽ ሰበታ ይመጣል» ብላት አረፈች።

«አመለጠሽ እንዴ?» አለች አሁን።

«ምን ያመልጠኛል፣ አውሮፕላኑ ራሱ ቀረ እንጂ! ካምፓኒው ከስሬያለሁ ብሎ የአዲስ አበባን በረራ ከዛሬ ጀምሮ ሰርዞታል። ብራችሁን ከሦስት ወር በኋላ እንመልሳለን ይላሉ። ሌላው አውሮፕላን ሦስት እጥፍ ነው፤ ከየት አባቴ ላምጣ! ርካሽ ቲኬት የቆረጥን ሁሉ መሬት ላይ ተዘርፍጠን ብታዪን ታለቅሻለሽ።»

«እና ምን ልትሆኑ ነው?»

«የፈለገ እስከ ጅቡቲ ይሂድ፣ ከዚያ በአውቶብስ እንደ ፍጥርጥሩ ነው የሚሉት። መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል፣ መኪና ይቃጠላል እየተባለ ነው። ማዳም ሾፌሯን ልካብኛለች፤ ሁለት ዓመት ከፈረምሽ ተመለሺ ብላለች። ውጭ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ልፈርም መሰለኝ፣ ተስፉዬ።»

«ሁለት ዓመት?»

«የአባባን ዓይን አሳክምበታለሁ። ሁለት ዓመት ምን አላት? እስቲ ስጪኝ፣ ራሴ ልንገረው። እንዳይከፋው።»

ተስፋነሽ ስልኩን በመዳፏ አፈነችው። «ልትፈርም ነው!» አለች። «ለአባባ ዓይን ብላ ሁለት ዓመት ልትፈርም ነው!»

«ትፈርማ» አሉ እትዬ ማሪቱ ቆጣ ብለው። «ምን ልታደርጊ ነው? እዚያው ዘፍ ብትል ማን ያነሳታል? እኔ የእናቴን መርዶ በስልክ ሰምቼ፣ እስከ ዛሬ ስልክ በጮኸ ቁጥር ማንሳት እፈራለሁ። ነውር ነው፤ አይደረግም!»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ልዋሻት፣ እትዬ? እንዴት አድርጌ እችለዋለሁ?»

ኦቦ ገርባ ከጥግ ካለችው በርጩማ ተነሱ። መርዶውን እንዲናገሩ የተመረጡት እሳቸው ናቸው። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ግርግር ከቤት የተወሰደው ልጃቸው ኩምሳ ይኑር ይሙት ሳያውቁ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ስሙን በሰው ፊት አንስተውት አያውቁም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ንገሪያት» አሉ። «ማሪቱ ስልክ ሲጮህ ትፈራለች። እኔ ደግሞ ዛሬስ ይነግሩኝ ይሆን ብዬ እሮጣለሁ። በስልክም ይሁን፣ በመንገድ ላይም ይሁን፣ የኩምሳን ነገር ብቻ ይንገሩኝ! እኔን የገደለኝ አለማወቁ ነው።»

እትዬ ማሪቱ ወደ ተስፋነሽ ጠጋ አሉ። «እንግዲያው አጠገቧ ማን እንዳለ ጠይቂያት» አሉ በመጨረሻ።

ተስፋነሽ እጇን ከስልኩ ላይ አነሳች። «ኤዱ፣ አጠገብሽ ማን አለ?»

«ማንም። አንዲት ሐበሻ አለች፣ ሉሲ ትባላለች። ወረፋ ላይ ነው የተዋወቅነው። ምነው?»

«እስቲ አገናኚኝ።»

«ለምን? አባባን ስጪኝ እንጂ!»

«አገናኚኝ አልኩሽ!»

ድካም ያለበት የወጣት ሴት ድምፅ መጣ። «ሄሎ? አቤት፣ እህቴ?»

«ሉሲዬ፣ አታውቂኝም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ኤዶም ቆማለች ወይስ ተቀምጣለች?»

ለልጅቷ ወዲያው ገባት። እንዲህ ያለ ጥያቄ መቼ እንደሚጠየቅ ለየትኛዋ ሐበሻ ይጠፋታል? ስትመልስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«ቆማለች። ቆዪኝ፣ ላስቀምጣት።» ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብላ፦ «ነይ ኤዱ፣ እዚህ ሻንጣው ላይ ቁጭ በይ። ልጆች፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ እስቲ። ውሃ የያዘች ማን ናት?»

«ምን ሆናችኋል?» ትላለች ኤዶም። የሻንጣ ጎማ ሲንኳኳ፣ ሰው ሲሰበሰብ ይሰማል። ሰበታም ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሳይታወቀው ወደ ስልኩ ተጠጋ።

«ይዘናታል፣ እህቴ» አለች ሉሲ። «ብዙ ነን፣ አይዞሽ። ማን ነው?»

«አባታችን» አለች ተስፋነሽ። ቃሉ እንዴት እንደወጣላት አታውቅም።

ኤዶም «ምን አለችሽ? ሉሲ፣ ምን አለችሽ?» እያለች ነበር። የኤዶምን አባት በዓይኗ አይታው የማታውቀዋ ልጅ ግን፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ ከሁሉም ቀድማ ማልቀስ ጀመረች።