ሁለት መስመር በአንድ መስኮት

ዘመናይ ሁለተኛውን ወረቀት በመጀመሪያው ላይ ደርባ የመስኮቱ መስታወት ላይ ትይዘዋለች። ፀሐዩ ከኋላ ሲመታቸው ሁለት መስመሮች ይታያሉ። ሁለቱም ዓለም እስከ ሁለት ሺህ ሠላሳ ድረስ ስንት ኃይል እንደምትፈልግ ይተነብያሉ፤ አንዱ ከሌላው በላይ በላይ ይሄዳል እንጂ አይገናኙም።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ የመኪናውን ቁልፍ አሻሻለሁ። የሙዙንጉው ሹፌር ነኝ፤ እዚህ ናይሮቢ ፈረንጅን ሙዙንጉ ነው የሚሉት፤ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ወዳለው ቢሮው ያመጣኋትም እኔው ነኝ። መብራት ኃይል ሠርታለች ብዬ ብቻ ብነግረው ማን ይሰማኛል? ስለዚህ፣ አገራችን ገና ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ላይ ናት፣ እሷ ግን በሞያሌ በኩል ባንድ ሌሊት ሰማንያ አንድ ገብታለች፣ ስምንት ዓመት ወደፊት መዝለል ለሷ ምንም አይደለም አልኩት። ሳቀና አምጣት አለኝ።

ካልቀጠራት ሰኞ የመኖሪያ ፈቃዷ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያው የሞያሌ መንገድ ነው፤ ማዶ ደግሞ ደርግ አለ።

ወረቀቶቹን የሰጣት ሙዙንጉው ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ፣ የትኛው ነው ትክክል ይላታል። ዓይኗን ከመስመሮቹ አታነሳም። አያቷ ለሦስት ባላባቶች ዝናብ እንደተነበዩ ላወራለት አፌን ስከፍት፣

«አለኸኝ፣ አንዴ አፍህን ያዝልኝ» ትለኛለች በአማርኛ፣ ዞር እንኳ ሳትል።

ከዚያ ጣቷን መስመሮቹ መነሻ ላይ ታሳርፋለች። ሁለቱም የሚነሱት ከዘንድሮ ነው ትለዋለች፤ ዘንድሮ ደግሞ አንድ ነው፤ ታዲያ መነሻቸው ለምን ተለያየ? የላይኛው እንጨቱንና ኩበቱንም ቆጥሯል። የታችኛው በቦቴና በሽቦ የሚመጣውን ብቻ።

የታችኛው መስመር ያለበትን ወረቀት ገፋ ገፋ አድርጋ መነሻውን ከመነሻው ታገጥመዋለች። መስመሮቹ ተቃቅፈው ይወጣሉ፤ ሁለት ሺህ ላይ ሲደርሱ ብቻ ይለያያሉ።

«የሚጣሉት ከዚህ ወዲያ ነው» ትለዋለች። «ጥያቄዎን እዚህ ላይ ይጠይቁ።»

እኔ ስንት ዘመን ስዋሽ ኖሬ፣ አንዱም ውሸቴ እንዲህ አላማረልኝም።

ሙዙንጉው አይስቅም። የራሱን ወንበር ወደሷ ይስብና፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ትጀምሪያለሽ ይላታል።

እሷ አትቀመጥም፤ ወረቀቶቹን እንደያዘች ናት። ከመስኮቱ ውጭ አንዲት ሴት የእንጨት ሸክሟን ጠፍር ግንባሯ ላይ አስራ፣ ጎንበስ ብላ ታልፋለች። ጥላዋ ከመስመሮቹ ሥር በዘንድሮ በኩል ይገባና፣ ቀስ እያለ በሁለት ሺህ ሠላሳ በኩል ይወጣል።